በአመድ ሥር ያለ ፍም

ኤች አይ ቪ በሰው ሴል ውስጥ ስለሚነቃበት መንገድ በቢስቲማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

  ከደሴ ተነሥቼ በሐይቅ በኩል ወደ እናንተ ስመጣ ማሳው በሰው ተሞልቶ አይቻለሁ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ይህን ያህል ሰው ስለ ሳይንስ ለመስማት መቀመጡ ትልቅ ክብር ነው።

ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ጥያቄውን ያገኘሁት ግን ከክፍል ውጭ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የማውቃቸው እናት የደም ምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ ቫይረሱ አይታይም ብለውኛል። ካልታየ ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው ክኒኑን በየቀኑ የምውጠው?» አሉኝ። እኔም «ሐኪሙ ያዘዘዎትን ይውሰዱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ለጠየቁኝ «ለምን» የሚመጥን መልስ አልሰጠኋቸውም። ትልቅ ሰው ስለ ገዛ አካሉ ምክንያቱን ሲጠይቅ ምክንያቱን ማወቅ ይገባዋል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ያን መልስ መስጠት ነው።

መልሱ ታት በሚባል እጅግ ትንሽ ፕሮቲን ዙሪያ ይዞራል። መጀመሪያ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ እናያለን፤ ከዚያ በዚህ ፕሮቲን አማካይነት እንዴት እንደሚነቃ እንመለከታለን፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚያ ላይ ነው። ቀጥዬ በሀገራችን የተሠራጨው ቫይረስ በዚህ ረገድ ያለውን ልዩ ጠባይ አነሣለሁ። በመጨረሻ ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለሳለን።

ኤች አይ ቪ ለብቻው ሲሆን ሕይወት የለውም ማለት ይቻላል። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ራሱን ማባዛትም አይችልም። የሰው ልጅ ዘረመል የተጻፈበት ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት፤ የኤች አይ ቪ ግን 10 ሺህ እንኳ አይሞላም፤ በውስጡ ያሉት ዘረመሎችም ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ድሃ የሆነ ነገር ይህን ያህል ሕዝብ የጨረሰው የራሱ ያልሆነውን ሁሉ ከእኛ ስለሚወስድ ነው። ሰውነታችንን ከበሽታ ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች መካከል ሲዲ4 የሚባሉት ውስጥ ይገባል። በአርኤንኤ የተጻፈውን የራሱን ጽሑፍ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና በሴሉ ዲኤንኤ መካከል ይሰፋዋል።

«ይሰፋዋል» ያልኩት አውቄ ነው። እዚሁ ጎረቤታችሁ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍት በብራና ሲገለበጡ ኖረዋል። በወሎ መድረሳዎችም ኪታብ በእጅ እየተገለበጠ ከደረሳ ወደ ደረሳ ተላልፏል። አንድ ሰው በሌሊት ገብቶ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ መካከል የራሱን አንድ ቅጠል ብራና ሰፍቶ ቢወጣ፣ በማግስቱ መጽሐፉን የሚገለብጠው ጸሐፊ ያንን ቅጠል ከሌላው ሳይለይ አብሮ ይገለብጠዋል። ቅጠሉን ነቅሎ ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ከብዙ ሺህ ቅጠሎች መካከል ማግኘት፣ ከዚያም ስፌቱን ሳይቀድዱ መፍታት ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ የገባበት ሴል እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። ሴሉ እስካለ ድረስ ቅጠሉም አለ፤ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ቅጠሉም አብሮ ለሁለት ይገለበጣል።

እንግዲህ ቅጠሉ ተሰፍቷል። ነገር ግን የተሰፋ ሁሉ አይነበብም። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ፕሮቲን የሚሠሩ ዘረመሎች አሉ፤ የጉበት ሴል የሚያነበው ሌላ፣ የዓይን ሴል የሚያነበው ሌላ ነው። የቫይረሱ ቅጠል እንዲነበብ ምን ያስፈልጋል? ወደ ንግግሬ ዋና ክፍል የምገባው በዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ድሮ ከአሰብ የሚመጣው ጭነት በዚያ ዳገት ላይ ሲንፏቀቅ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። ከባድ መኪና ዳገቱ መጀመሪያ ላይ አቅም ሲያጣ ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሾፌሩ መሪውን ይዟል፤ ታኮው እስካልተነሣ ድረስ ግን መኪናው ንቅንቅ አይልም።

በሴላችን ውስጥ ዲኤንኤን እያነበበ ወደ አርኤንኤ የሚገለብጥ ማሽን አለ፤ ፖሊሜሬዝ ይባላል። ፖሊሜሬዝ በቫይረሱ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ይሳፈርና ንባቡን ይጀምራል። 60 ፊደል ያህል እንደሄደ ይቆማል። የሚያቆሙት የሴሉ የራሱ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ልክ እንደ ታኮ ከሥሩ ገብተው ይይዙታል። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ እዚያው ይቀራል፤ የጀመረውም ጽሑፍ አጭር ቁራጭ ሆኖ ይጣላል። ቫይረሱ ተሰፍቶም፣ ንባቡ ተጀምሮም ምንም አይወለድም።

አሁን ታት ይመጣል። ታት ከ100 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከ100 የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት፣ ብዙም የማይበልጥ ፕሮቲን ነው፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 574 አሚኖ አሲዶች አሉት። ማሽኑ ሳይቆም በፊት የገለበጣቸው የመጀመሪያዎቹ 59 ፊደላት ወደ ራሳቸው ታጥፈው ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ይህን ቅርጽ ታር ይሉታል። ታት ታርን ፈልጎ ይይዛል። ብቻውን አይመጣም፤ ሳይክሊን ቲ1 እና ሲዲኬ9 የሚባሉ ሁለት የሴሉን ፕሮቲኖች ይዞ ይመጣል። ሲዲኬ9 በታኮዎቹና በማሽኑ ላይ የፎስፌት ምልክት ይለጥፋል። ምልክቱ ሲለጠፍ ታኮው ይነሣል፣ ማሽኑም ዳገቱን ይወጣል። ታት ሲኖርና ሳይኖር የሚመረተው የቫይረስ ጽሑፍ በመቶ እጥፍ ያህል ይለያያል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ታት መኪናውን አይገፋም። አቅሙም የለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የእኛን ሴል ረዳት ጠርቶ «ታኮውን አንሣ» ማለት ብቻ ነው። ሳይክሊን ቲ1 እና ሲዲኬ9 ለራሳችን ዘረመሎች ንባብ በየቀኑ የሚሠሩ ታማኝ ሠራተኞች ናቸው፤ ቫይረሱ በራሱ ጉዳይ ላይ አሰማራቸው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ታት የንባቡን መጠን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከደረሱበት መካከል በትውልድ ቻይናዊት የሆነችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ፍሎሲ ዎንግ-ስታል ትገኝበታለች። የሚጠራው ረዳት ማን እንደሆነ ግን ለዓመታት አልታወቀም ነበር። ፍንጩ ከአይጥ መጣ። ታት በአይጥ ሴል ውስጥ ሲገባ ሥራውን በደንብ አይሠራም። በ1998 የካትሪን ጆንስ የምርምር ቡድን ሳይክሊን ቲ1ን አገኘ፤ ብዙ ሳይቆይ የአይጡ ምሥጢርም ተፈታ። የሰውና የአይጥ ሳይክሊን ቲ1 በጣም ይመሳሰላሉ፤ 261ኛው ቦታ ላይ ግን በሰው ሲስቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ሲኖር በአይጥ ታይሮሲን አለ። በአንዲት አሚኖ አሲድ ልዩነት ምክንያት ታት የአይጡን ረዳት በቅጡ ሊይዘው አይችልም። ይህን ያህል ሕዝብ ያለቀበት በሽታ አንዱ ቁልፍ በአንዲት አሚኖ አሲድ ላይ መንጠልጠሉን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም እደነቃለሁ።

ከእናንተ መካከል አንድ ነገር የከነከነው ሰው ይኖራል፤ ታት ራሱ የቫይረሱ ፕሮቲን ከሆነ፣ ቫይረሱ ሳይነበብ የመጀመሪያው ታት ከየት ይመጣል? ጥሩ ጥያቄ ነው። አልፎ አልፎ አንድ መኪና ታኮውን ጥሶ ዳገቱን እንደሚወጣ፣ አልፎ አልፎ አንድ ማሽን ያለ ታት እርዳታ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነባል። ያ መኪና ከሚያመጣው ጭነት ውስጥ ታት ራሱ አለበት። ጥቂት ታት ጥቂት ታኮ ያነሣል፤ የተነሣው ታኮ ተጨማሪ ታት ያመጣል፤ ተጨማሪው ታት ብዙ ታኮ ያነሣል። እናቶቻችን ፍም ላይ እፍ ሲሉ እንደሚሆነው ነው፤ ትንፋሹ ፍሙን ያቀላዋል፣ የቀላው ፍም አጠገቡ ያለውን ያቀጣጥላል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱ ትንፋሽም አያስፈልገው።

ስለ ሁለተኛው ፕሮቲን ስለ ሬቭ ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። የቫይረሱ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ከሴሉ አስኳል ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ መድረስ አለበት። አስኳሉ ኬላ አለው። ሴላችን ጽሑፎቹን እንደ ልብስ ሰፊ ቆርጦና ሰፍቶ ሳይጨርስ ከኬላው አያሳልፍም። ቫይረሱ ግን አዲስ ቫይረስ ለመሥራት ያልተቆረጠ ሙሉ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሬቭ በዚህ ሙሉ ጽሑፍ ላይ ይለጠፍና ራሱ ሴሉ ለሌላ ዕቃ በሚጠቀምበት መውጫ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጡት ተቆራርጠው ያለቁት አጫጭሮቹ፣ ታትንና ሬቭን የሚሠሩት ናቸው፤ ሬቭ ሲበዛ ረጃጅሞቹ ይከተላሉ፤ የቫይረሱ አካል የሚሠራው ከእነዚህ ነው። ታት ያነቃል፣ ሬቭ ያሳልፋል።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ምልክት የተገኘበት የመጀመሪያው ደም እ.ኤ.አ. በ1984 የተሰበሰበ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በዚያው በ1986 ከአንድ ኢትዮጵያዊ ደም የተወሰደ ቫይረስ በምርምር ዓለም ትልቅ ስም አለው። ሙሉ ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል ተነብቦ በ1996 ታተመ፤ ካነበቡት ሳይንቲስቶች መካከል ኢትዮጵያዊው ስዩም አየሁኔ አሉበት። የቫይረሱ መጠሪያ ኢቲኤች2220 ነው። «ሲ» ተብሎ ከሚታወቀው የኤች አይ ቪ ዝርያ ሙሉ ጽሑፉ የተነበበ የመጀመሪያው እሱ ሲሆን፣ የዓለም ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ለማመሳከሪያ ይጠቀሙበታል። ይህ ዝርያ በደቡብ አፍሪካም፣ በሕንድም፣ በእኛም ሀገር የተሠራጨው ነው። በኋላ አልማዝ አበበና ባልደረቦቻቸው የቫይረሱን ልዩነቶች እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሲያሰሉ ዝርያው ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ«ሲ» ዝርያ ልዩ ምልክቶች ከሚታዩባቸው ስፍራዎች መካከል ዛሬ የምናወራለት፣ የቫይረሱ ንባብ የሚጀመርበት ማብሪያ ይገኝበታል። በቫይረሱ ጽሑፍ መጀመሪያ፣ ፖሊሜሬዝ ከሚሳፈርበት ቦታ በፊት፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል የሴላችን ፕሮቲን የሚያርፍባቸው ቦታዎች አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ በተሠራጨው «ቢ» ዝርያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ በ«ሲ» ላይ ሦስት ናቸው። ሬቭም በ«ሲ» ላይ ጫፉ በ16 አሚኖ አሲድ ያጠረ ነው፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ኤንኤፍ ካፓ ቢ ማን ነው? ሰውነታችን በሽታ ሲገባበት ለሲዲ4 ሴሎች ማንቂያ ይደወላል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ያን ጊዜ ወደ አስኳሉ ገብቶ የመከላከያ ዘረመሎችን ያስነብባል። የቫይረሱን ጽሑፍም ሲያገኝ ያስነብበዋል፤ ያ ጥሶ የሚያልፈው የመጀመሪያ መኪና የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ሴሉ ጠላትን ለመውጋት ሲነሣ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን የሚያባብሰው ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በእኛው ሀገር ይህን የሚያሳይ ጥናት ተደርጓል። ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአንጀት ትላትል የነበረባቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን የትላትል መድኃኒት ወስደው ትላትሉ ሲጠፋላቸው በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን መቀነሱን አሳዩ። በሌሎች ሀገሮች በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ የትላትል ክኒን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ሐሳቡ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የውኃ ንጽሕና፣ የመጸዳጃ ቤት፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከኤች አይ ቪ ጋር የማይገናኙ ጉዳዮች አድርገን የምናያቸው ከሆነ ተሳስተናል። ሰውነት ያለ እረፍት እንዲዋጋ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ይህን ማብሪያ ይነካዋል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስን። ወደ እናታችን ጥያቄ።

አያቴ ሌሊት ከመተኛታቸው በፊት ምድጃውን ይዳፍኑ ነበር። ፍሙን ወደ መሐል ይሰበስባሉ፣ አመድ ያለብሱታል። ለሚያየው ሰው እሳት የለም፤ ጭስ የለም፣ ብርሃን የለም፣ እጅህን ብታስጠጋ እንኳ ብዙም አይሰማህም። ንጋት ላይ አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ቡናው ይጣዳል። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን የአንድ ቤት እሳት በዚህ መንገድ ለወራት ሳይጠፋ ይኖር ነበር።

ኤች አይ ቪ የያዛቸው ሲዲ4 ሴሎች አብዛኞቹ ቫይረስ እያመረቱ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ቫይረሱ እንደተሰፋባቸው ወደ እረፍት ይገባሉ። ባረፈ ሴል ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ ከአስኳሉ ውጭ ነው፣ ሳይክሊን ቲ1 በጣም ጥቂት ነው፣ ታት የለም። ቅጠሉ አለ፤ አይነበብም። እነዚህ ሴሎች መኖራቸው በእርግጠኝነት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ካረፉት ሲዲ4 ሴሎች ከአንድ ሚሊዮን አንድ ያህል። ዕድሜያቸው ግን ረጅም ነው፤ ያለማቋረጥ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ እንኳ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ስሌት ሁሉም እስኪያልቁ ከ60 ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱስ ምን ያደርጋል? ዛሬ በየጤና ጣቢያችን የሚሰጠው አንድ ክኒን ሦስት መድኃኒቶችን ይይዛል፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ሁለቱ ቫይረሱ ጽሑፉን ወደ ዲኤንኤ እንዳይገለብጥ ያግዱታል፤ ሦስተኛው በሴሉ ዲኤንኤ ውስጥ እንዳይሰፋ ያግደዋል። እሳቱ ወደ አዲስ ቤት እንዳይዛመት ያደርጋሉ፤ ይህንንም እጅግ በሚያስመሰግን ሁኔታ ያደርጋሉ። ቀድሞ የተሰፋውን ቅጠል ግን አይነኩም። ታትን የሚያግድ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤት አላሳየም፤ እስከ ዛሬም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፀረ ታት መድኃኒት የለም። በላብራቶሪ ግን ሁለት መንገዶች እየተሞከሩ ነው፤ አንደኛው ያረፉትን ሴሎች ሆን ብሎ ቀስቅሶ መጨረስ፣ ሁለተኛው ታትን አስሮ ፍሙን ለዘለቄታው መዳፈን። እኔ በሁለተኛው ላይ የበለጠ ተስፋ አለኝ፤ ታት ሴላችን ለራሱ የማይፈልገው ፕሮቲን ስለሆነ እሱን ብቻ መምታት ሰውየውን አይጎዳም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እናቴ፣ ዛሬ ከመካከላችን ካሉ መልሱን እነሆ ይውሰዱ። «አይታይም» ሲባሉ የተነገረዎት እውነት ነው፤ በደምዎ ውስጥ የሚዞረው ቫይረስ የምርመራ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሁኔታ የቆየ ሰው በግንኙነት ቫይረሱን ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚቆጥረው ነበልባሉን ነው። ከአመዱ ሥር ያለውን ፍም አያየውም።

ፍሙ መቼ ይቀሰቀሳል? እ.ኤ.አ. በ2005 ሊዮር ዋይንበርገርና ባልደረቦቹ በፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሴሎች አንድ ዓይነት የቫይረስ ማብሪያ ቢይዙም ከፊሎቹ በርተው ከፊሎቹ ጠፍተው እንደሚገኙ አሳዩ። ልዩነቱን የፈጠረው በአጋጣሚ የተመረተች ጥቂት ታት ናት። ስለዚህ ቀኑን ማንም አያውቀውም። በአሜሪካ ሚሲሲፒ በተወለደ አንድ ሕፃን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሕፃኑ ከተወለደ በ30 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ወደ 18 ወር ሲሆነው ሕክምናው ተቋረጠ፤ ቫይረሱ ግን አልተመለሰም። ዓለም «ዳነ» ብሎ ተደሰተ። ከ27 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቫይረሱ ተመልሶ ተገኘ። ይህ ረጅም ጊዜ የመቆየት ምሳሌ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ቫይረሱ ወደ ደም ይመለሳል።

ይህን ቁጥር ለወሎ ሰው ስናገር ይከብደኛል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ከተሞቹ እስኪለቀቁ ኅዳር ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። አምስት ሳምንት ገደማ። በዚያ ጊዜ ክኒኑን ጥሎ የሸሸ፣ ሸሽቶም በሰው ቤት «ምንድን ነው የምትውጠው?» እንዳይባል ያቋረጠ ሰው ስንት እንደነበር ልባችሁ ያውቀዋል። ያ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ፍሙ ግን አምስት ሳምንት በቂው ነበር። አንድ የታወቀ ጥናት መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ለክቶታል፤ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ያ ጥናት መድኃኒቱን እያቋረጡ በሚወስዱት ላይ ሞትና ሕመም ጎልቶ በመታየቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል።

ከዚህ የሚከተል ለጤና ባለሙያዎቻችን የምለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በሀገራችን በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ ተፈቅዷል። መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ይህ ሕይወት ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ሊነገረው ይገባል። ለሃይማኖት አባቶችም አንድ ቃል አለኝ። ክኒኑ በቀን አንዴ የሚወሰድ በመሆኑ ረመዳንን የሚጾም ሰው ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ከማፍጠሪያ በኋላ ሊወስደው ይችላል። ስለ ጠበልም በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። ሼሆቻችንና ቀሳውስታችን ይህን ከመድረክ ቢደግሙት ከእኔ ንግግር ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው ይሰማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ፤ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው የሚኖሩ አሉ። በጦርነቱም ሆነ በሌላ ምክንያት ክኒኑን ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ ስንት ወር አለፈ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ አፍራችሁም አትቅሩ። አብሽሩ። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «አቋርጬ ነበር፣ መመለስ እፈልጋለሁ» በሉ።